ስሙን ከቢሮው የወሰደው ተዋናይ

ባለፈው እትም ስለ ጃፓናዊው ተዋናይ ኮጂ ያኩሾ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። የቶኪዮ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶችን የሚያጸዳ ሰው ሆኖ የሠራበትን «ፐርፌክት ዴይስ» የተባለ ፊልም ካላያችሁት እዩት ብዬ አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች ከጠበቅኩት በላይ ናቸው። እኔም ሰውየውን ከወደድኩት ቆይቻለሁ። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ በሙሉ የእሱ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ፤ ሐሳባቸውን ግን አልነካሁም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ከልጅነቴ ጀምሮ ተዋናይ መሆን እመኛለሁ። ቤተሰብ ግን «የመንግሥት ሥራ ይዘህ ምን ያቅበጠብጥሃል» ይለኛል። ይሄ ሰውዬ ራሱ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ ወሬ ማጣፈጫ? ለእኔስ ረፍዷል? (ከአዳማ)

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ። ማስረጃው እንዲያውም ስሙ ላይ ነው ያለው።

የቤተሰቡ ስም ሃሺሞቶ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 በናጋሳኪ ግዛት ኢሳሃያ በምትባል ከተማ ተወለደ። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ጨርሶ ወደ ቶኪዮ መጣና በቺዮዳ ወረዳ አስተዳደር ተቀጠረ። ቺዮዳ የከተማዋ እምብርት ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥትም ፓርላማውም እዚያ ናቸው። ከኢሳሃያ ለመጣ ልጅ ጥሩ ሥራ ነበር። ጠረጴዛ አለው፣ ደመወዙ በወሩ ይገባል፣ ጡረታ አለው። ቤተሰብህ አንተን የሚሉህን እሱንም የሚለው ሰው አይጠፋም ነበር።

በ1976 ቴአትር ሊያይ ገባ። የሩሲያዊው ማክሲም ጎርኪ ድራማ ነው፤ አንድ ጨለማ ማደሪያ ቤት ውስጥ ተፋፍገው ስለሚኖሩ ምስኪኖች። መሪ ተዋናዩ ታትሱያ ናካዳይ ነበር፤ በኋላ በአኪራ ኩሮሳዋ «ካጌሙሻ» እና «ራን» ፊልሞች ዓለም ያወቀው ሰው። የ20 ዓመቱ ልጅ ከዚያ አዳራሽ ሲወጣ ልቡ እዚያው ቀረ።

ግን በማግስቱ መልቀቂያ አላስገባም። ይህን ልብ በልልኝ። ናካዳይና ባለቤቱ በ1975 «ሙሜይጁኩ» የሚባል የትወና ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር፤ ስሙ ሲፈታ «የስም የለሾች ትምህርት ቤት» እንደማለት ነው። እዚያ ተፈትኖ በ1978 ገባ። የወረዳውን ሥራ የተወው መግቢያ ካገኘ በኋላ ነው። ያኔ ናካዳይ አዲስ ስም ሰጠው። «ያኩሾ» በጃፓንኛ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ማለት ነው። ከየት እንደመጣህ አትርሳ የሚል ስም ይመስላል። ሌላም ትርጉም ግን ደብቆበታል፤ «ያኩ» ተዋናይ የሚጫወተው ገጸ ባሕርይም ማለት ነውና፣ መምህሩ የምትጫወታቸው ሰዎች ዓይነት ይብዛልህ ብሎ መረቀው። እኛ አገር ስም ሲወጣ ምርቃት እንደሚጨመርበት ማለት ነው። ምርቃቱ ደረሰ፤ ሳሙራይ ሆኗል፣ መርማሪ ሆኗል፣ ወንበዴ ሆኗል፣ ፀጉር አስተካካይ ሆኗል፣ የአውቶቡስ ሹፌር ሆኗል።

እና ረፍዷል ወይ ላልከኝ፣ እድሜህን አልቆጥርም። እሱ ከትምህርት ቤቱ ከገባ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው አገሩ በቴሌቪዥን ያወቀው፤ በሲኒማ ደግሞ ዋናው ዘመኑ የመጣው 40 ዓመት ሲሞላው ነው። ስለዚህ እኔ የምልህ ደመወዝህን ሳትለቅ ማታ ማታ ወይም ቅዳሜ የሚያሠለጥን የቴአትር ቡድን ፈልግ፤ ሰው ፊት ቆመህ ራስህን እየው፣ ያየህ ሰው ምን እንዳለህም በደንብ ስማ። ቢሮህንም አትናቀው። በ1996 የወጣውን «ሻል ዊ ዳንስ?» ፈልገህ እይ። እዚያ ላይ ያኩሾ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ሚስት አለው፣ ልጅ አለው፣ በብድር የተገዛ ቤት አለው። ማታ በባቡር ሲመለስ አንድ የዳንስ ትምህርት ቤት መስኮት ላይ ቆማ ውጭ ውጭውን የምታይ ሴት ያያል። አንድ ቀን ከባቡሩ ይወርዳል። ከዚያ ለሚስቱ ሳይነግር ዳንስ መማር ይጀምራል፤ ሚስቱ ሸሚዙ ሌላ ሌላ ሲሸታት ጊዜ የግል መርማሪ ትቀጥራለች። አንድ ቦታ ላይ ቢሮው ተቀምጦ ከወገቡ በላይ ሒሳብ ይሠራል፣ ከጠረጴዛው ሥር ግን እግሮቹ ዳንሱን ይለማመዳሉ። ያን ትዕይንት ቢሮ ያልዋለ ሰው እንደዚያ አይጫወተውም ባይ ነኝ። ትከሻው ራሱ የመንግሥት ሠራተኛ ትከሻ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዱባይ የሰው ቤት ነው የምሠራው። ፊልሙን በእረፍት ቀኔ በስልኬ አየሁት። ሲያጸዳ እጁን ነበር የማየው፤ ሥራ የሚያውቅ እጅ ነው። በእውነት ተምሮት ነው? ደግሞ አንድ ነገር ከነከነኝ። ጽዳት እንደዚያ ደስ የሚል ሥራ ነው እንዴ? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ያንቺን ነው።

አዎ፣ ከእውነተኛ የጽዳት ሠራተኞች ተምሮ ነው የገባበት። መጸዳጃ ቤቶቹም እውነተኛ ናቸው። ቶኪዮ ውስጥ ሺቡያ በሚባለው ወረዳ 17 የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች በታዋቂ አርክቴክቶች እንደ አዲስ ተሠርተው ነበር፤ ታዳኦ አንዶ፣ ኬንጎ ኩማ፣ ሺገሩ ባን አሉበት። ባን የሠራው ግድግዳው ባለ ቀለም መስታወት ነው፤ ባዶ ሲሆን ውስጡ ከውጭ ይታያል፣ ገብተሽ ስትቆልፊው ይደፈናል። ጀርመናዊው ዳይሬክተር ቪም ቬንደርስ የተጠራው ስለእነዚህ ቤቶች አጫጭር ፊልሞች እንዲሠራ ነበር። አይቷቸው ሲያበቃ አንድ ሙሉ ታሪክ ይሁን አለ። ቀረጻው ከሦስት ሳምንት በታች ነው የፈጀው። ለዚህ ነው እጁ ቀድሞ መልመድ የነበረበት፤ ካሜራ ፊት ለመማር ጊዜ አልነበረም።

ትንሿን መስታወት አይተሻታል መቼም። ሂራያማ፣ ማለትም የያኩሾ ገጸ ባሕርይ፣ የሽንት ቤቱን መቀመጫ ከላይ ከጨረሰ በኋላ ትንሽ መስታወት ከሥሩ ይዞ ማንም የማያየውን ጠርዝ ይመረምራል። ጎንበስ ሲል ፊቱ ላይ ምንም የለም። እዩኝ አይልም። አንዴ መስታወቱን ያያል፣ አንዴ ይፈገፍጋል፣ ደግሞ ያያል። አንቺ የምታውቂው እንቅስቃሴ ነው፤ እኔ ግን ያን ሳይ ነው ስንት ሰው ካጸዳው ቤት ገብቼ እንደወጣሁ ያሰብኩት።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ከባድ ነው፣ መልስም ይገባዋል። ፊልሙ ድካሙን አሳምሮታል ብለው የተቹት አሉ። እኔ በከፊል እስማማለሁ። ሂራያማ ድሃ ሆኖ ተወልዶ አይደለም እዚያ የደረሰው። አስታውሺ፣ የእህቱ ልጅ ከቤት ጠፍታ እሱ ዘንድ ስትመጣ፣ እናቷ በሹፌር በሚነዳ መኪና ነው ልትወስዳት የመጣችው። በእውነት ሽንት ቤት ነው የምታጸዳው ብላ ትጠይቀዋለች። እሱ ከሀብታም ቤት ወጥቶ ይህን ኑሮ የመረጠ ሰው ነው። መርጦ ማጽዳትና ለቤተሰብ ገንዘብ ለመላክ ማጽዳት አንድ አይደሉም፤ ይህን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ግን ሁለት ቦታ ላይ ፊልሙ አልዋሸም። አንዱ ባልደረባው ድንገት ሥራ ሲለቅበት ነው። የሁለት ሰው ሥራ ብቻውን ሠርቶ ሲመሽ፣ ያ ዝምተኛ ሰው ለቢሮው ይደውልና ይቆጣል፤ በየቀኑ እንዲህ አልችልም ይላል። ሌላው የጠፋው ሕፃን ነው። መጸዳጃ ቤት ውስጥ የሚያለቅስ ልጅ ያገኛል፣ እጁን ይዞ እናቱን ፍለጋ ይወጣል። እናቱ ታገኛቸዋለች። ምስጋና የለም። ወዲያው የልጁን እጅ በእርጥብ ሶፍት መጥረግ ትጀምራለች። ያኩሾ እዚያ ላይ ምንም አያደርግም፣ ትንሽ ይቆማል ብቻ። ልጁ እየሄደ ዞሮ እጁን ሲያወዛውዝለት ፊቱ ይበራል። እኔ እንባዬ የመጣው እዚያ ነው። አንቺስ?

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ተጨቃጭቀናል። እሱ «ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ ለዋለ ሰው ሽልማት ምንድነው» ይላል። እኔ ደግሞ ተገቢ ነው ባይ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አቃተኝ። አስታርቀን። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ማስታረቅ ሳይሆን ላንተ መወገን ነው የምችለው።

በሜይ 2023 በካን የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ሲወስድ 67 ዓመቱ ነበር። ከእሱ በፊት ይህን ሽልማት የወሰደ አንድ ጃፓናዊ ብቻ ነው፤ በ2004 ዩያ ያጊራ፣ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ። የጃፓን ሲኒማ ስንት ታላላቅ ተዋንያን እንዳፈራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ራሱ ይገርማል።

ለጓደኛህ የመጨረሻውን ትዕይንት መልሰህ አሳየው። ሂራያማ ጠዋት መኪናውን እየነዳ ነው። ካሴት ከቷል፣ ኒና ሲሞን ትዘፍናለች። ካሜራው ፊቱ ላይ ተተክሎ ለደቂቃዎች አይነቃነቅም። ፀሐይ እየወጣች ነው። መጀመሪያ ፈገግ ይላል። ከዚያ ዓይኑ ይሞላል። ከዚያ ፈገግታው ይመለሳል፣ እንባው ግን አልሄደም። የደስታ ነው የሐዘን ብለህ ልትለይ ስትል ይቀየርብሃል። አንድም ቃል የለም። ያን ፊት ያየ ሰው ሰውየው ምን ምን እንዳጣ ይገባዋል፣ ማንም ሳይነግረው። ጓደኛህ ይህን ከተናገረ ተዋናይ ያምጣ እስቲ።

ደግሞ ዝምታውን ያኔ አልጀመረውም። በ1997 ከዳይሬክተሩ ሾሄይ ኢማሙራ ጋር «ኡናጊ»ን ሠራ። ኡናጊ እባብ የመሰለ ረጅም ዓሣ ነው። ሚስቱን ከሌላ ሰው ጋር አግኝቶ የገደለ ሰው ነው የሚጫወተው፤ ገድሎ ሲያበቃ ደሙን እንኳ ሳይታጠብ ብስክሌት ነድቶ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ይሰጣል። ከስምንት ዓመት በኋላ ሲፈታ ያን ዓሣ በላስቲክ ይዞ ይወጣል፤ የሚያዋራው እሱን ብቻ ነው። ጭር ያለ ሰፈር ፀጉር ቤት ይከፍታል። ፊልሙ በካን ዋናውን ሽልማት፣ የወርቅ ዘንባባውን፣ ከኢራናዊው አባስ ኪያሮስታሚ ፊልም ጋር ተካፈለ። በዚያው ዓመት ደግሞ በኪዮሺ ኩሮሳዋ «ኪውር» ውስጥ መርማሪ ፖሊስ ሆነ። (ኪዮሺ የታላቁ የአኪራ ኩሮሳዋ ዘመድ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይሳሳታል።) በሥራው ሬሳ፣ በቤቱ የታመመች ሚስት፣ እሱ መሐል ላይ ቀስ በቀስ ሲሰነጠቅ ታያለህ። ለእኔ ከፊልሞቹ ሁሉ የሚያስፈራው ይሄ ነው። ሌሊት ብቻህን አትየው።

ጥያቄ፦ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቶኪዮ ሲባል ትዝ የሚለኝ አበበ ቢቂላ ነው፤ ሬዲዮ ከብበን የሰማነው። ይሄ ተዋናይ ከዚያ ዘመን ጋር የሚያገናኘው ነገር አለው? ደግሞስ ሲኒማ ብቻ ነው ወይስ ቴሌቪዥንም ይሠራል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አባቴ፣ ጥያቄዎ ደስ ብሎኛል፤ ሁለቱም መልሶች አንድ ቦታ ይገናኛሉና።

መጀመሪያ ያሳደገው ቴሌቪዥን ነው። የጃፓን የሕዝብ ጣቢያ ኤን ኤች ኬ «ታይጋ» የሚባል ትልቅ የታሪክ ድራማ አለው፤ እሑድ እሑድ ማታ ዓመቱን በሙሉ የሚተላለፍ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያየው። በ1983 ስለ ጥንቱ የጃፓን ገዥ ኢየያሱ ቶኩጋዋ በተሠራው ታይጋ ላይ ያኩሾ ኖቡናጋ ኦዳን ሆኖ ቀረበ። ኖቡናጋ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓንን በጦር አንድ ማድረግ የጀመረ ኃይለኛ መስፍን ነው፤ ጃፓናውያን ከልጅነታቸው ያውቁታል። በማግስቱ ዓመት በዚያው ጣቢያ ስለ ዝነኛው ሰይፈኛ ሙሳሺ ሚያሞቶ በተሠራ ድራማ ዋናውን ቦታ ያዘ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ የሚያውቀው ሰው በዛ።

አሁን ወደ አበበ ልምጣ። በ2019 ኤን ኤች ኬ «ኢዳተን» የሚል ታይጋ ሠራ። ታሪኩ በ1912ቱ የስቶክሆልም ኦሊምፒክ ተነስቶ በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ያበቃል። ስቶክሆልም ላይ ለጃፓን ማራቶን የሮጠው ሺዞ ካናኩሪ ነበር። የሮጠው በ«ታቢ» ነው፤ ታቢ አውራ ጣት ለብቻው የሚገባበት የጨርቅ ጫማ ነው። ሙቀቱ ጣለው፣ አልጨረሰም። ያኔ የቡድኑ መሪ የነበሩት የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ ናቸው፤ ከእስያ የመጀመሪያው የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል። ያኩሾ የሚጫወተው እሳቸውን ነው።

ካኖ ቶኪዮ የ1940ውን ኦሊምፒክ እንድታዘጋጅ ብዙ ደክመው አስፈቀዱ። በ1938 ከካይሮው የኮሚቴ ስብሰባ ሲመለሱ መርከብ ላይ እንዳሉ አረፉ። ጃፓን ከቻይና ጋር ጦርነት ላይ ነበረችና ዝግጅቱን በዚያው ዓመት ተወችው። ሕልማቸው 24 ዓመት ዘግይቶ ነው የተፈጸመው፤ እርስዎ ሬዲዮ ከብበው በሰሙት ኦሊምፒክ። ኦክቶበር 21 ቀን 1964 አበበ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ስድስት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ያኩሾ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር።

ታቢን ካነሳሁ አይቀር «ሪኩኦ»ንም ልንገርዎ። የ2017 የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ያኩሾ በጊዮዳ ከተማ መቶ ዓመት የቆየ የታቢ ፋብሪካ አራተኛው ባለቤት ነው። ታቢ የሚገዛ ሰው እየጠፋ ነው፣ ባንክ አላበድርም ይላል፣ ሰፊዎቹ እንዳይበተኑበት ይፈራል። ስለዚህ በታቢ ጥበብ የሩጫ ጫማ እንሥራ ይላል። እግር መሬት ሲነካ እንዲሰማው የሚያደርግ ቀላል ጫማ። ባዶ እግሩን ሮም ላይ የሮጠ ሰው አገር ለተወለደ ተመልካች ይህ ታሪክ ባዕድ አይሆንም። ለባንክ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሳበትን ሁኔታ ይዩልኝ፤ ጀርባው ላይ የመቶ ዓመት ቤት እንደተሸከመ ያስታውቃል።

ቴሌቪዥኑን እስካሁን አልተወውም። በካን በተሸለመበት በ2023 ሞንጎሊያ ድረስ ሄደው በቀረጹት «ቪቫንት» የተባለ ድራማ ላይ ነበረ።

ጥያቄ፦ ሆሊውድ ለምን አልሄደም? (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ ሄዷል፣ አልቀረም እንጂ። በ2005 «ሜሞርስ ኦቭ ኤ ጌሻ» ላይ ፊቱ በጦርነት የተጎዳውን ነጋዴ ኖቡን ሆኗል። በ2006 ደግሞ በሜክሲኳዊው ዳይሬክተር በኢንያሪቱ «ባቤል» ውስጥ መስማት የተሳናት ልጅ አባት ነው፤ ሞሮኮ ውስጥ ጣጣ ያመጣው ጠመንጃ መነሻው የእሱ ስጦታ ነው። «ሻል ዊ ዳንስ?»ን አሜሪካኖች በ2004 በሪቻርድ ጊር ደግመው ሠርተውታል። ሁለቱንም አይቻለሁ፤ የጃፓኑ ይበልጣል። እዚያ አገር ባልና ሚስት ሰው ፊት አቅፎ መደነስ የሚያሳፍር ነገር ነበርና የሰውየው ድፍረት ይገባሃል። ቺካጎ ላይ ያ እፍረት የለም፣ ታሪኩም አብሮ ቀለለ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የእሱን አንድም ፊልም አላየሁም። ከየት ልጀምር? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከ«ሻል ዊ ዳንስ?» ጀምሪ፤ ከቤተሰብ ጋርም ይታያል። ከዚያ «ፐርፌክት ዴይስ»። ሰይፍና ፈረስ ከወደድሽ የታካሺ ሚኬ የ2010 «13 አሳሲንስ» አለልሽ፤ ያኩሾ አንድ ጨካኝ መስፍን ለመግደል ሰው የሚመለምል ሳሙራይ ነው፣ የመጨረሻው ውጊያ ረጅም ነው፣ ደም ይበዛዋል። «ኡናጊ» እና «ኪውር» ለብቻሽ የሚታዩ ናቸው።

ከሁሉም በላይ ግን ጊዜ ሲኖርሽ የሺንጂ አኦያማን «ዩሬካ» እይ። የ2000 ፊልም ነው። ያኩሾ ባደገበት በኪዩሹ ደሴት ነው የተቀረጸው። አውቶቡሱ ተጠልፎ ተሳፋሪ ያለቀበት ሹፌር ነው፤ ከሞት የተረፉት እሱና ሁለት ወንድምና እህት ልጆች ብቻ ናቸው። ልጆቹ መናገር አቁመዋል። ከዓመታት በኋላ አብሯቸው መኖር ይጀምራል፣ ከዚያ አሮጌ አውቶቡስ ገዝቶ ይዟቸው ይወጣል። ምስሉ እንደ ድሮ ፎቶግራፍ ቡናማ ነው። ርዝመቱ 3 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ነው፤ ፈተና ካለቀ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያዢለት፣ ስልክሽንም ሌላ ክፍል አስቀምጪው።